ቆርቆሮ ላይ ልትወጡ ነው? መጀመሪያ የጫማችሁን ሶል ገልብጣችሁ እዩ

ክረምት ሲገባ "ቤቱ ያፈሳል" ተብሎ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የሰፈር ልጅ ነው። የሚወጣውም ባደረገው ጫማ ነው፤ ስሊፐርም ይሁን ታኬታ።

"እኔ ሴፍቲ ጫማ አለኝ" የሚልም አለ። ግን የሴፍቲ ጫማ ብረት የሚጠብቀው ዕቃ ሲወድቅ ጣታችሁን ነው። ከመንሸራተት የሚያድናችሁ ሶሉ ነው።

ምን ዓይነት ሶል ይሻላል?

👉 ለስላሳ ጎማ። በጥፍር ስትጫኑት ትንሽ ገባ የሚል ከሆነ ቆርቆሮውን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። ደረቅ ፕላስቲክ ያንሸራትታል።

👉 ጥርሱ ደቃቅ የሆነ። ትልልቅ ጥርስ ያለው ቡትስ ለጭቃ አሪፍ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ግን የሚነካው ቦታ ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ በጥርሱ መሃል ጭቃ ይዞ ይወጣል። ከመውጣታችሁ በፊት ሶሉን በጨርቅ ጥረጉት።

👉 እግር ላይ ልክክ የሚል፣ ክሩ ጠበቅ ብሎ የታሰረ። ሶሉ የተበላ ጫማ አይሆንም። ባዶ እግርም አይሆንም፤ የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

⚠️ ጫማው የፈለገ ጥሩ ቢሆን እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ። የጠዋት ጤዛም ያው እርጥበት ነው። ስትራመዱ ሚስማር የተመታበትን መስመር ተከተሉ፤ ከሥሩ እንጨት አለ። ብርሃን የሚያስገባውን ፕላስቲክ በፍጹም አትርገጡ፤ ሰው አይሸከምም። ጣሪያው ከፍ ያለ ወይም ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ጫማ ብቻውን አይበቃም፤ የደህንነት ቀበቶና ገመድ ላለው ባለሙያ ተዉለት።

ዝናብ ከጀመረስ? ባልዲ ደቅኑና ጠብቁ። ጣሪያው ነገም ይጠገናል።