በግና ልጅ፤ ስለ ሰውና ስለ እንስሳ ወዳጅነት በሲኒማ

ሲኒማ ከተፈጠረ ወዲህ ሰው ከሰው ጋር ስላለው ፍቅርና ጠብ የተሠራው ፊልም ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ተመልካችን በማስለቀስ ረገድ ግን እንስሳት ከሰዎቹ ተዋንያን አንሰው አልተገኙም። ይህንንም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኮልፌ ቀራንዮ ሠፈሮች ቪዲዮ ቤቶች በተስፋፉበት ዘመን በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ያየናቸውን ፊልሞች ብናስታውስ፣ የተኩሱና የቡጢው ብዛት ከአእምሮአችን ጠፍቷል፤ ለጌታው የሞተው ዝሆን ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ዝሆኑ ራሙ ይባላል። ፊልሙም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በህንድ አገር የተሠራው «ሃቲ ሜሬ ሳቲ» ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ራጄሽ ካና የሚጫወተው ራጁ ወላጆቹን ያጣ ልጅ ሲሆን፣ ከአራት ዝሆኖች ጋር በየመንገዱ ትርዒት እያሳየ ኖሮ በኋላ ባለጠጋ ይሆናል። ካገባና ልጅ ከወለደ በኋላ ሚስቱ ዝሆኑ ሕፃኑን ይጎዳብኛል ብላ ስለ ሠጋች፣ ከእኔና ከዝሆኖችህ ምረጥ ትለዋለች። በእኛ አስተያየት የፊልሙ ብርቱ ክፍል ይህ ነው፤ የእናቲቱ ሥጋት ከንቱ አይደለምና። ደራሲው ግን ይህን ከባድ ጥያቄ መመለስ ቢቸግረው፣ አንድ ክፉ ሰው ጠመንጃ አስይዞ አመጣልን፤ ራሙም ለጌታው የታሰበውን ጥይት ተቀብሎ ሞተ። ሁላችንም አለቀስን፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ።

የምዕራባውያንም ፊልሞች ከዚህ እምብዛም አይርቁም። በ1943 ዓ.ም. በወጣው የላሲ ፊልም አንድ ድኻ ቤተ ሰብ ውሻውን ለመኰንን ለመሸጥ ይገደዳል፤ ውሻይቱም ከስኮትላንድ እስከ እንግሊዝ አገር በእግሯ ተጉዛ ወደ ልጁ ትመለሳለች። (ላሲን ሆኖ የተጫወተው ፓል የሚባል ወንድ ውሻ መሆኑን የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነው።) የጃፓኑ ሀቺኮ ታሪክ ደግሞ በእውነት የተፈጸመ ነው። ጌታው ፕሮፌሰር ኡዌኖ በ1925 ዓ.ም. ቢሞቱም፣ ውሻው እስከሞተበት እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ በሺቡያ የባቡር ጣቢያ ሲጠብቃቸው ኖሯል። ይህም በ1987 ዓ.ም. በጃፓን፣ በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ ለፊልም በቅቷል።

ስለ አህያ የተሠራውን አለማንሣት ግን በደል ይሆናል፤ በተለይም በኮልፌና በመርካቶ መካከል ባለው መንገድ የእህል ጆንያ ተጭና ስትሄድ እያየን ላደግን። የፈረንሳዩ ሮቤር ብሬሶን በ1966 ዓ.ም. ያወጣው ፊልም ባልታዛር የሚባል አህያ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ያሳያል። አህያው አይናገርም፤ ማንንም አያድንም፤ ይጫናል፣ ይመታል። በልጅነቷ የወደደችው ማሪ እንኳ ሲደበድቡት ቆማ የምታይበት ጊዜ አለ። እንደ ራሙ ያለ ጀግንነት የለውም፤ ነገር ግን ለእውነት የቀረበ ነው።

በዚያው በ1966 ዓ.ም. ኤልሳ ስለምትባል የኬንያ አንበሲት የተሠራው «ቦርን ፍሪ» ወጣ። ጆይ አዳምሰንና ባሏ ጆርጅ ኤልሳን ከግልገልነቷ ጀምረው አሳድገው፣ ወደ እንስሳት ማሳያ ከመላክ ይልቅ አደን አስተምረው ወደ ዱር መለሷት። ፊልሙን የተጫወቱት ባልና ሚስት ቨርጂኒያ ማኬናና ቢል ትራቨርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፖሌ ፖሌ ከምትባል ትንሽ ዝሆን ጋር ሌላ ፊልም ሠሩ። ዝሆኗ ከኬንያ ለለንደን የእንስሳት ማሳያ በስጦታ ተላከች፤ በዚያም በ1983 ዓ.ም. ሞተች። ባልና ሚስቱም በዚህ አዝነው በ1984 ዓ.ም. ለታሰሩ እንስሳት የሚቆም ማኅበር መሠረቱ። ይኸው ማኅበር ከኮልፌ ቀራንዮ በስተ ምዕራብ፣ የከተማው ወሰን ካለፈ በኋላ በሆለታ አቅራቢያ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል መጠለያ አቋቁሟል። ከሕገ ወጥ ንግድና ከሰንሰለት የተረፉ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች በዚያ ይኖራሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በግልገልነታቸው ከእናታቸው ስለ ተለዩ እንደ ኤልሳ ወደ ዱር ለመመለስ አልታደሉም። አንዳንዶቹን ይዞ ያሳደጋቸው ሰው ወዳጃቸው የሆነ መስሎት ይሆናል።

እስካሁን የጠቀስናቸው ዝሆን፣ ውሻ፣ አህያና አንበሳ ናቸው። ከእነዚህ አንዱንም በአገራችን አንበላም። ነገሩ የሚከብደው ወዳጁ በግ ሲሆን ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ለጎረቤት የሚኖር እንደ መሆኑ፣ ለፋሲካም ሆነ ለዓረፋ ግቢው ሁሉ በግ ይታሰርበታል። በጉ በተገዛ በነጋታው ልጆቹ ስም ያወጡለታል፤ ሣር ያጎርሱታል፤ ግንባሩን ያሻሻሉ። የበዓሉ ዕለት ጠዋት እናት ልጆቹን በሆነ ነገር አሳብባ ወደ ጎረቤት ትልካለች። ከምሳ በኋላ አንዱ ልጅ ወጥ አልበላም ብሎ ያኮርፋል፤ ሌላው ግን ይበላል።

ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ማለት «ጠቦት» በተባለው ፊልሙ የነካው ይህንኑ ነው። ያሬድ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በኒውዮርክ ዩኒቨርስቲም የፊልም ሥራ የተማረ ሰው ነው። ፊልሙ በግንቦት ወር 2007 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ለመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ኤፍሬም የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱን ካጣ በኋላ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በሩቅ ተራራማ አገር ላሉ ዘመዶቹ ይሰጠዋል። ከእናቱ ቤት ይዟት የመጣ ወዳጅ ቹኒ የምትባል በግ ብቻ ናት። አጎቱ ሰሎሞን ልጁ ለእርሻ የማይሆን፣ ይልቁንም ወጥ መሥራት የሚወድ መሆኑን አይቶ ይናደዳል፤ ለመጪውም በዓል በጓን ታርዳታለህ ይለዋል።

አጎቱ ጨካኝ አይደለም። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፤ ጎተራው ባዶ ነው፤ በዓሉም በዓል ነው። በህንዱ ፊልም ጠመንጃ የያዘው ሰው ቢወገድ ነገሩ ሁሉ ይስተካከል ነበር፤ እዚህ ግን የሚወገድ ሰው የለም። የልጁ አባት ስም አብርሃም መሆኑንም በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ያደገ ተመልካች ልብ ሳይል አያልፍም።

ኤፍሬም የሚታገለው በተሰደበበት ሙያ ነው። ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ላይ እየሸጠ፣ ከነበጉ ወደ አገሩ የሚመለስበትን የአውቶቡስ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። ይህን የሚጫወተው ረድኤት አማረ እጁ ሊጥ ሲያዳምጥ ፊቱ የሚያሳየው ጭንቀት፣ ራጄሽ ካና በዝሆኑ ሬሳ ላይ ካፈሰሰው እንባ ይበልጥ ነካን። ንግግሩም በአማርኛ ስለ ሆነ የሠፈራችን አሮጊቶች አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ቹኒ በመጨረሻ ምን እንደ ሆነች ግን እዚህ አንጽፍም፤ ፊልሙን ያላየ አንባቢ ይቀየመናልና።