ስለ 194,313

የቁጥርን ጥበብ የሚወድ ሰው ታላላቅ ቁጥሮችን ፍለጋ ወደ ሩቅ ከመሄዱ አስቀድሞ ባሕረ ሐሳባችንን ቢመረምር፣ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር በሚሉት በ532 ዓመት ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረውን 194,313ን ያገኛል፤ ይህም ከአንዱ ዐቢይ ቀመር መነሻ እስከ ተከታዩ መነሻ ድረስ ያሉት ዕለታት ድምር ነው።

ዓመቱ 365 ዕለት ከሩብ ነውና፣ የጨረቃ ሒሳብ ወደ መነሻው የሚመለስበት የ19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴ በዕለት ቢቈጠር 6,939 ከሦስት ሩብ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ጐዶሎ ግን ዑደትን ሊዘጋ ስለማይችል፣ 19ኙ በአራቱ ወንጌላውያን ተባዝቶ 76 ዓመት ሲሆን፣ ዐውደ ማኅተም ይባላል፤ በዚያም ሩቦቹ ተጠቃለው 27,759 ምሉእ ዕለታት ይወጣሉ። ይህም በ7 ሲገደፍ 4 ይተርፋልና፣ መስከረም 1 ቀን ማክሰኞ የዋለበት ዓመት ከ76 ዓመት በኋላ ቅዳሜ ይውላል፤ ዕለቱና ጨረቃው አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ሰባት ማኅተም ሲፈጸም ነው። ስለዚህ በአንድ ማኅተም ውስጥ ያሉት ዕለታትና በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያሉት ሳምንታት ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 27,759።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የአካፋዮቹ ነገር ነው። 532 የ4፣ የ7 እና የ19 ብዜት ሲሆን፣ 194,313 ግን በ3፣ በ7፣ በ19 እና በ487 ብቻ ተባዝቶ የተገኘ ጐዶሎ ቁጥር ነው፤ አራቱ ሩቦቹን ለመሙላት ውሎ ጠፍቷል፤ የአራት ዓመት ዕለታት 1,461 ናቸውና፣ እነዚህም የ3 እና የብቸኛው ቁጥር የ487 ብዜት ናቸው። ደግሞም 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው ዑደቱ ይህን ያህል የረዘመው፤ የጨረቃው ዐውድ 19 መሆኑ ቀርቶ 21 ቢሆን ኖሮ፣ 7 አስቀድሞ በውስጡ ስላለ ሁሉም በ84 ዓመት በተዘጋ ነበር።

በዓመተ ዓለም ሲቈጠር 14ኛው ዐቢይ ቀመር በ1948 ዓ.ም. ተፈጽሞ 15ኛው በ1949 ተጀመረ፤ በዚያ ዓመት መስከረም 1 ማክሰኞ፣ ወንጌላዊው ማቴዎስ፣ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30፣ ፋሲካውም ሚያዝያ 13 ነበረ፤ 194,313 ዕለታት አልፈው 2481 ሲገባ ከእነዚህ አንዱም አይለወጥም። እርግጥ ነው፣ በሰማይ ያለችው ጨረቃ በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ሁለት ዕለት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ ሒሳቡን ትቀድመዋለች። የጎርጎርዮስ ቀመር ይህንና የፀሐዩን ጐዶሎ ለማረም በመድከሙ የፋሲካው ዑደት የሚዘጋው በ5,700,000 ዓመት ነው፤ እኔ ግን የዚያን ትክክለኛነት ባከብርም፣ ተማሪ በቃሉ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያሰላው የሚችለውን የ532ቱን ሒሳብ አብልጬ እወድዳለሁ።