ኮምፒውተር ለሚማሩ ልጆቻችን የትኛው ቋንቋ ይቅደም?



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተሉ ወንድሞችና እህቶች አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ «ጎን ለጎን የትኛውን የውጭ ቋንቋ እንያዝ?» ቤተሰብ በሬ ሸጦ የሚያስተምረው ልጅ የሚያባክነው ጊዜ የለውምና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

በቅድሚያ እንግሊዝኛ ነው። የሁለተኛ ደረጃም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የፓይተንና የጃቫ ትእዛዞች የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ፕሮግራሙ ሲሳሳት የሚያወጣው መልእክትም እንዲሁ። ይህን አንብቦ መረዳት የሚከብደው ተማሪ ሌላ ከመጀመሩ በፊት ንባቡን ያጠንክር።

ቀጥሎስ? ቻይንኛ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ፈረንሳይኛ በአሊያንስ፣ ጀርመንኛ በጎተ ተቋም ይሰጣል። ለእረፍት ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ለሚመለስ ተማሪ ግን እነዚህ ሩቅ ናቸው። በስልክ እማራለሁ ቢልም፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም። ስለዚህ መምህሩ ቅርብ የሆነ ቋንቋ ይመረጣል።

ለብዙዎቻችን ይህ ዐረብኛ ነው። በመድረሳ ቁርኣን የቀራ ልጅ ፊደሉንና ድምፁን ይዟል፤ ኡስታዙም ሰፈር ውስጥ አለ። ሆኖም መቅራት ማለት መረዳት አይደለም። ነሕውና ሶርፍ መማር፣ ከዚያም የዘመኑን ቃላት መልመድ ያስፈልጋል፦ ሓሱብ (ኮምፒውተር)፣ በርናመጅ (ፕሮግራም)፣ ሸበካ (ኔትወርክ)፣ በያናት (መረጃ)።

ለሙያውም ጥቅም አለው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ አብዛኞቹ ፊደላት እንደየቦታቸው ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፤ በመካከል የሚገቡ ቁጥሮች ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለዐረብኛ ተጠቃሚ የሚሠራ መተግበሪያ ገጹ ሁሉ ይገለበጣል። ፊደሎቹ ተነጣጥለው ወይም ተገልብጠው ቢወጡ፣ ቋንቋውን የማያነብ ባለሙያ ስህተቱን አያየውም። ከ20 በላይ አገሮች ዐረብኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርገዋል። ከአካባቢያችን ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ብዙ ወጣቶች በቤት ሠራተኝነትና በጉልበት ሥራ ይሰማራሉ። ሙያና ቋንቋ አብረው መያዛቸው የሥራ ዋስትና ባይሆንም ሌላ በር ያንኳኳል።

ምክራችን ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ዓመት ለእንግሊዝኛ ስጡ። ከዚያ በየቀኑ ከፈጅር ወይም ከመግሪብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለዐረብኛ መድቡ። ኢንተርኔት ስታገኙ መጻሕፍትና ትምህርቶችን አውርዳችሁ አስቀምጡ። የመመረቂያ ሥራችሁን በአማርኛና በዐረብኛ የሚሠራ አድርጉት፤ ለቀጣሪ የምታሳዩት ማስረጃ ይሆናል። ቻይና ሄዶ መማር የሚያስብ ካለ ደግሞ ቻይንኛን ይያዝ፤ ቋንቋ የሚመረጠው በመድረሻው ነውና። ወላጆችም ለሴት ልጆቻችሁ ይህችን ግማሽ ሰዓት ከቤት ሥራ ነጻ አድርጉላቸው።

አላህ ጠቃሚውን ዕውቀት ይወፍቀን።