ቤቱ ሳይፈርስ፣ እኛም ሳንፈርም

በዛሬው እትማችን ብዙ ቤተሰቦችን ስለሚያሳስብ ጉዳይ ልናወያያችሁ ወደድን። ጉዳዩ በዕብራይስጥ «ፒኑይ ቢኑይ» ስለሚባለው፣ አሮጌ ሕንጻ አፍርሶ በቦታው አዲስ ስለመሥራት ነው። በሐደራ ከኢንዱስትሪው ቀጠና ወደ መሃል ከተማ ወይም ወደ ጊቭአት ኦልጋ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ የግንባታ ክሬን ሳያይ አይቀርም። አዲስ ሕንጻ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ወረቀት ይዞ ደጃፋችንን የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣ ምን ብለን እንመልስለት? በዚህ ጽሑፍ የጠቀስናቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የስደተኞች ከተማ

ሐደራ ከጥንት ጀምሮ የዖሊም ከተማ ነች። የተቆረቆረችው በ1891 ከሩስያ ግዛት በመጡ አይሁዶች ነው። መሬቱን የገዛላቸው ኢየሆሹዓ ሐንኪን ሲሆን፣ ጊቭአት ኦልጋም በሚስቱ በኦልጋ ሐንኪን ስም ተሰይሟል። መሬቱ በረግረግ የተሞላ ስለ ነበር በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ከ200 በላይ ሰዎች በወባ አለቁ። ባሮን ሮትሽልድ ገንዘብ ሰጥቶ ከግብጽ ሠራተኞች መጡ፣ ቦይ ተቆፈረ፣ ውኃ እንዲመጥም ባሕር ዛፍ ተተከለ። በዚያው ዘመን በአጼ ምኒልክ ጊዜ በአዲስ አበባም ባሕር ዛፍ ይተከል ነበር፤ እዚያ ግን ምክንያቱ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት ነበር። በሐደራ ዙሪያ የሚታየውን ባሕር ዛፍ ሽማግሌዎቻችን ሲያዩ አገራቸው ትዝ ቢላቸው አያስገርምም።

መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ ከብዙ አገር ለመጡ ዖሊም ድንኳንና የቆርቆሮ ቤት፣ ቀጥሎም «ሺኩን» የሚባለው ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ተሠራ። ሥራ ደግሞ በፋብሪካ ተገኘ። የወረቀቱ ፋብሪካ በ1953 ማምረት ጀመረ፤ የአሊያንስ የጎማ ፋብሪካም በዚያው በ1950ዎቹ ሥራ ጀመረ። ሰውየው ጠዋት ወደ ፋብሪካው ይሄዳል፣ ማታ ወደ ሺኩኑ ይመለሳል። ከተማዋ ያደገችው እንዲህ ነው። ዛሬ ነዋሪዎቿ ወደ 100,000 ደርሰዋል።

የእኛ ሰዎች እንዴት ወደ ሺኩኑ ገቡ?

በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ እስራኤል መጡ። ብዙዎቹ በሆቴልና በካራቫን ቆዩ። በ1993 መንግሥት ለኢትዮጵያ ዖሊም ልዩ የመሽካንታ መርሐ ግብር አወጣ፤ የብድሩ ትልቁ ክፍል በቅድመ ሁኔታ ወደ ስጦታ የሚለወጥ ነበር። ዕርዳታው ትልቅ ነው። ሆኖም የገንዘቡ ጣሪያ የተወሰነ ስለ ነበር፣ በዚያ ገንዘብ ሊገዛ የሚችለው በአብዛኛው ርካሽ የሆነው አሮጌ ቤት ነው። ስለዚህ በሐደራ፣ በነታንያ፣ በረሖቮት፣ በአፉላና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ቤተሰቦቻችን በአሮጌ ሺኩኖች ተሰባሰቡ።

ይህ ቤት ለእኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላው ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ከአጼ ይስሐቅ ዘመን፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አባቶቻችን ርስት የመያዝ መብት እንደ ተነፈጉ በታሪክ ይተረካል። በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው፣ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ኖሩ። በ1975 የመሬት አዋጁ እስኪታወጅ ድረስ ብዙዎቹ «ይህ የእኔ ነው» የሚሉት ማሳ አልነበራቸውም። ስለዚህ በሐደራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያዋ ርስት ናት። እንዲህ ያለ ነገር ሳይነበብ አይፈረምበትም።

ለምን ይፈርሳል?

ማፍረሱ ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌዎቹ ሕንጻዎች አሳንሰር የላቸውም፤ ጉልበታቸው የደከመ እናቶች ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ከቤት ሳይወጡ ይውላሉ። ከ1980 በፊት የተፈቀዱት ብዙዎቹ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋሙ ሆነው አልተሠሩም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ማማድ» የሚባለው የተጠናከረ ክፍል የላቸውም፤ ማማድ በአዲስ ቤት ሁሉ ግዴታ የሆነው ከ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ በ1992 ነው። በኦገስት 2006 የሒዝቦላህ ሮኬት እስከ ሐደራ ደርሷል። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው የ12 ቀን ጦርነትም ማማድ የሌለው ሰው ሌሊት በደረጃ እየሮጠ መጠለያ ሲፈልግ ነበር። ስለዚህ አዲስ ቤት ቅንጦት ነው ማለት አይቻልም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሥራው የሚከናወነው እንዲህ ነው። «ያዛም» የሚባለው ባለ ሀብት አሮጌውን ሕንጻ አፍርሶ ብዙ ፎቅ ያለው ሕንጻ ይሠራል። ለነባሩ ባለቤት ያለ ክፍያ አዲስ ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ ማማድና በረንዳ ያለው፣ ይሰጠዋል። የቀሩትን ቤቶች ሽጦ ወጪውንና ትርፉን ያገኛል። ለምሳሌ 24 ቤት ፈርሶ 90 ቤት ቢሠራ፣ 24ቱ ለነባሮቹ፣ 66ቱ ለገበያ ይሆናሉ ማለት ነው። በአንድ የፒኑይ ቢኑይ ቀጠና ቢያንስ 24 ነባር ቤቶች መኖር አለባቸው። የቤት ዋጋ እንደ ቴል አቪቭ ውድ ባልሆነበት ከተማ ያዛሙ ለማትረፍ ብዙ ቤት መሥራት ይኖርበታል፤ ሕንጻው የሚረዝመውም በዚህ ምክንያት ነው።

«በነጻ» የሚለው ቃል

አንድ ጨዋ ወጣት መጥቶ «ሻሎም እማማ፣ አዲስ ቤት በነጻ እንሰጥዎታለን፣ እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሙ» ቢል፣ እማማ ምን ይበሉ? መልሱ «ወረቀቱን ተውልኝ፣ ከልጆቼና ከጠበቃ ጋር ልየው» ነው። ይህን በማለታቸው የሚያጡት ነገር የለም። በ2017 የወጣው ሕግ ፊርማ የሚሰበስበው አደራጅ አስቀድሞ የነዋሪዎችን ስብሰባ እንዲጠራና የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ያ ውልም ለዘለዓለም አያስርም፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሥራው ካልተራመደ ይፈርሳል።

ከመፈረም በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ጠበቃው የማን ነው? የነዋሪዎቹ ጠበቃ በነዋሪዎቹ መመረጥ አለበት። ክፍያውን ያዛሙ ቢከፍልም የሚቆመው ለእኛ ነው። ያዛሙ ይዞት የመጣ ጠበቃ የእኛ ጠበቃ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዋስትናው ምንድን ነው? ሰው ከቤቱ የሚወጣው የባንክ ዋስትና በእጁ ሲገባ ነው። ያዛሙ መሃል ላይ ቢከስር በሜዳ ላይ እንዳንቀር የሚያደርገን ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ በግንባታው ጊዜ የት እንኖራለን? ያዛሙ የኪራይና የዕቃ ማጓጓዣ ወጪ ይከፍላል። ኪራይ ቢጨምርስ? ግንባታው ቢዘገይስ? ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ሳይርቁ ቤት ይገኛል? ይህ ሁሉ በውሉ ላይ ይጻፍ። ከመጀመሪያው ፊርማ እስከ አዲሱ ቁልፍ አሥር ዓመት ሊፈጅ እንደሚችልም እንወቅ።

አራተኛ፣ መሽካንታ ያለበት ሰው ባንኩን ይጠይቅ። ብድሩ ወደ አዲሱ ቤት እንዲዛወር የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ከገባን በኋላ ወጪው ስንት ነው? አርኖና የሚታሰበው በካሬ ሜትር ስለ ሆነ ሰፊ ቤት ብዙ ያስከፍላል። ረጅም ሕንጻ ደግሞ አሳንሰር፣ የውኃ ፓምፕ፣ ጽዳት አለው፤ ቫዓድ ባይቱ ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም። በጡረታ የሚኖር ሰው አዲሱን ቤት አግኝቶ ወጪውን ባለመቻል እንዳይሸጠው ያሰጋል። ስለዚህ ያዛሙ ለነባር ነዋሪዎች የጥገና መርጃ ገንዘብ እንዲያስቀምጥ ከወዲሁ መደራደር ያሻል።

እምቢ ያለ ሰውስ?

በ2006 የወጣው ሕግ 80 ከመቶ የሚሆኑ ባለቤቶች ከተስማሙ፣ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለው በፍርድ ቤት እንዲከሰስ ይፈቅዳል። በ2021 ይህ ቁጥር ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ «እኔ ካልፈረምኩ ምንም አይሆንም» ብሎ ዝም ማለት ጥሩ ዘዴ አይደለም። ውሉ የማያዋጣ ከሆነ፣ ዋስትና ካልተሰጠ፣ የጊዜያዊ መኖሪያ ካልቀረበ ወይም አካለ ጉዳተኛነትና ሌላ የግል ችግር ካለ ግን እምቢታው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለአረጋውያንም ሕጉ ተጨማሪ አማራጭ አስቀምጧል። የተታለለ ወይም የተጫኑት ሰው በመንግሥት የከተማ እድሳት ባለ ሥልጣን ውስጥ ላለው የነዋሪዎች አቤቱታ ኃላፊ ማመልከት ይችላል።

ስለ ተከራዮችም አንድ ቃል እንበል። የግል ተከራይ ከአዲሱ ቤት ድርሻ የለውም፤ ሰፈሩ ሲታደስ ኪራይ ይንርበታል። የአሚዳር ተከራይም ባለቤቱ ራሱ ስላልሆነ፣ የት እንደሚዛወርና መቼ እንደሚመለስ ከአሚዳር በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሰፈርም ይፈርሳል

አዲስ አበባን እናስታውስ። በ2024 በኮሪደር ልማት ምክንያት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ሰዎች ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። የቀበሌ ቤት ነዋሪ፣ በ1975 በታወጀው የትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሰ ቤት ውስጥ ተከራይ ስለ ነበር፣ የመደራደር አቅሙ ትንሽ ነው። አዲስ ቤት የተሰጠውም ቢሆን ጎረቤቱን፣ እድሩንና ቡና አጣጩን አጣ። እዚህ ግን ባለቤት የሆነ ሰው ፊርማው ዋጋ አለው። ይህን ዋጋ ለየብቻችን በርካሽ አንስጠው።

አብረን ከቆምን ከቤቱ በላይ መጠየቅ እንችላለን። የግንባታ ፕላን ለሕዝብ ከታወጀ በኋላ ተቃውሞ ለማቅረብ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ምኵራባችን የት ይሆናል፣ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ቦታ አለ ወይ፣ መዋዕለ ሕጻናት ተጨምሯል ወይ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ መብት ነው። ጥያቄው ካልቀረበ ግን ማንም አስቦ አያደርግልንም።

በየሕንጻው ዕብራይስጥ አንባቢ የሆነ አንድ ወጣትና የሚከበር አንድ ሽማግሌ ተመርጠው በነዋሪዎች ተወካይነት ይግቡ። ወጣቱ ያንብብ፣ ሽማግሌው ይመዝን። ልጅ ለወላጁ ማስተርጎሙ ጥሩ ቢሆንም የውል ቃል ከባድ ነውና በጠበቃ ፊት የሚያስረዳ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠየቅ። ብዙ ኢሪያዎችም ለዚሁ ጉዳይ የከተማ እድሳት አስተዳደር፣ «ሚንሄሌት»፣ አቋቁመዋል፤ ሄዶ መጠየቅ ዋጋ አያስከፍልም።

ከዚህ በፊት የፈረመ ሰው ካለም አይደንግጥ፤ የውሉን ቅጂ ይፈልግና ጠበቃ ያሳይ። ቅጂ የሌለው፣ ነገ ጠዋት ቅጂ ይጠይቅ። ቸር ይግጠመን።