ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ

ሬዲዮ የሰማ ወይም ቴሌቪዥን ያየ ሰው በሰማው ነገር ምን ያህል ይለወጣል? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፕሮፓጋንዳን ጉልበት ያዩ ብዙዎች መልእክት እንደ መርፌ ነው፣ የተወጋ ሁሉ እኩል ይሠራበታል ብለው ያምኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1940 የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪው ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ወደ ኢሪ ካውንቲ ሄዱ። ሩዝቬልትና ዌንደል ዊልኪ ለፕሬዚዳንትነት የሚፎካከሩበት ዓመት ነው። 600 ያህል መራጮችን ለወራት እየተመላለሱ ጠየቁ። ጋዜጣውና ሬዲዮው የሰውን ሐሳብ ሲገለብጥ እናያለን ብለው ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ሌላ ሆነ። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የዞረው ጥቂት ነው። አብዛኛው ቀድሞ የያዘውን አቋም የሚያጸናለትን እየመረጠ ይሰማል። ልቡ ያመነታ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ያዋየውን ሰው ነው፤ ዘመዱን፣ ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን። መልእክቱ በቅድሚያ ነገር ለሚከታተሉ ጥቂት ሰዎች ይደርሳል፤ ለሌላው የሚተርፈው በእነሱ አፍ ነው።

እኛ ጋ እንዲህ ያለውን ሰው እያንዳንዱ ሠፈር ያውቀዋል። ዜናውን ሰምቶ ይመጣል፤ ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ ወሬው በእሱ በኩል ተጣርቶ፣ ተጨምሮበት፣ ተቀንሶበት ለቤቱ ይዳረሳል። ስለ ሚዲያ ተጽዕኖ ሲወራ ይህን ሰው መርሳት ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል።

ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በአማርኛ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ ሰው የሚከተለው ሰውን እንደሆነ ጠንቅቆ የተረዳ ሥራ ነበር። በ257 ክፍሎቹ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ጠለፋ አነሣ፤ ከአድማጮችም በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደረሱት። የተሠራበትን ስልት ያበጁት ሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ ናቸው፤ ሰው ሌላውን አይቶ ይማራል ከሚለው ከሥነ ልቦና ምሁሩ ከአልበርት ባንዱራ ሐሳብም ብዙ ወስደዋል። በዚህ ስልት ደግ ሰው አለ፣ ክፉ ሰው አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ የሚወላውል፣ የሚሳሳት፣ ተሳስቶ የሚመለስ አለ። ድራማውን የሚሸከመው ይህ ሦስተኛው ነው። ደጉን እናደንቃለን፣ ክፉውን እንጠላለን፤ በወላዋዩ ውስጥ ግን ራሳችንን እናገኛለን፣ ስለዚህ ነገ ምን ያደርግ ይሆን ብለን እንጨነቅለታለን።

ያም ሆኖ አድማጭ የሰማውን እንዳለ አይቀበልም። የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ቴሌቪዥን በጻፉት ጽሑፍ፣ ተመልካች የላኪውን ሐሳብ እንዳለ ሊቀበል፣ ከራሱ ኑሮ ጋር አስታርቆ ሊይዝ፣ ወይም ተረድቶትም ሊቃወመው እንደሚችል አሳይተዋል።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ስለ ጠለፋ የሚናገር ክፍል እየተላለፈ ነው። በወጣትነቱ ሚስቱን ጠልፎ ያገባው አባት «ይህ ባህላችንን ማንቋሸሽ ነው» ይላል። ታላቁ ልጅ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ያምናል፤ ግን «የኛ አካባቢ እንደዚያ አይከፋም» ብሎ ያለሳልሰዋል። እናት ምንም አትልም። ሬዲዮው ተዘግቶ ወንዶቹ ከወጡ በኋላ ትንሿ ልጅ እናቷን፣ «እማዬ፣ አንቺን ግን ጠይቀውሽ ነበር?» ትላታለች።