ዝገት ከሥር ነው የሚጀምረው

አሮጌ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሞተር ያስነሳል። ድምፁን ያዳምጣል፣ ጭሱን ያያል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ቀለሙን በመዳፉ ይዳብሳል። ተንበርክኮ ከሥር የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔ አሁን መኪና እዪልኝ ያለኝ ሰው ሲመጣ ቀድሜ የምጠይቀው ካርቶን ነው፤ መሬት ላይ አንጥፌ በጀርባዬ እተኛበታለሁ። ሞተር ቢደክም ይወርዳል፣ ይታደሳል። ካምቢዮም እንደዚያው። ወለሉ የበሰበሰ መኪና ግን ወንበሩንም፣ ፍሬኑንም፣ መሪውንም አጥብቆ የሚይዝለት ነገር የለም።

ዲላ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እያደስኳት ያለችው ቮልስ የአባቴ ናት። ሥራው ከቡና ጋር ስለነበር ወናጎ፣ ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ሬኮ ድረስ ትወስደው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ አትሸጥም አለች፤ እኔም አልተከራከርኩም። ግቢያችን ውስጥ ከእንሰቱ አጠገብ በአራት ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያ ነበረ፤ ጋራዤ እሱ ነው።

የቮልስን አሠራር ያላየ ሰው ለምን ወለሏ ላይ እንዲህ እንደምጨነቅ ላይገባው ይችላል። እንደ ጭነት መኪና ከሥሯ የሚታይ ወፍራም ሻንሲ የላትም። መሃል ለመሃል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ የብረት ዋሻ አላት፤ በግራና በቀኙ የተበየዱት ሁለት ስስ የላሜራ ወለሎች ከእሱ ጋር ሆነው ሻንሲዋን ይሠራሉ። የላይኛው አካል ጠርዝ ለጠርዝ በብሎን ይታሰርበታል። በዋሻው ውስጥ የቤንዚን ቧንቧ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የማርሽ ዘንግ ያልፋሉ። ከበሮቹ ሥር ደግሞ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣ ባዶ የብረት ሣጥን አለ፤ ይህ ሣጥን ውስጥ ውስጡን ከዛገ በሩ ከቦታው ወርዶ መዝጋት ያስቸግራል። ስለዚህ በሩ አልገጥም ያለ ቮልስ ያለው ሰው ማጠፊያውን ከመቀጥቀጡ በፊት ከበሩ ሥር ያለውን ብረት ቢያይ ይሻለዋል።

አገራችን ደግሞ ለብረት አትመችም። ጌዴኦ ዝናብ በበልግም ይጥልባታል፣ በክረምትም ይጥልባታል፤ ከልብ የሚደርቀው ከታኅሣሥ ጀምሮ ያሉት ጥቂት ወራት ናቸው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው መልክዓ ምድራችን ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና ነው። ጥላው አፈሩን አያደርቀውም፤ ለቡናው በረከት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አስፋልት ለቆ ወደ ቡና ቀበሌዎቹ የወጣ መኪና ግን ያንን ቀይ ጭቃ በሆዱ ተሸክሞ ይመለሳል። ዝናቡ ራሱ ያን ያህል አይጎዳም፤ ታጥቦ ይወርዳል፣ ነፋስ ያደርቀዋል። የሚጎዳው ፓራፋንጎ ውስጥና ወለሉ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ነው። ላዩ ደርቆ ሲታይ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ከብረቱ ጋር ይቀመጣል።

የኋላ ወንበሩን ያነሣሁ ቀን ያየሁት ነገር ግን ከጭቃም የከፋ ነበር። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ባትሪውን አውጥቼ ምንጣፉን ስገልጥ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት፣ ከዱቄቱ ሥር ቡናማ ቅርፊት፣ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ የግቢያችንን አፈር አየሁ። ከባትሪ የሚተነው ሰልፈሪክ አሲድ ቀለሙን በልቶ ወደ ብረቱ ደርሷል። ከውጭ ሲታይ ግን ወለሉ ደህና ይመስል ነበር፤ ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ ዝገቱን ሳይፍቅ ሬንጅ ቀብቶበት ነበርና። ሬንጁን በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው ከነብረቱ ተነቅሎ ወደቀ። ሬንጅ ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ሲቀባ ውሃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ዝገት ላይ ሲቀባ ደግሞ ውሃው እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህን ሥራ «ታደሰ» ብሎ ማስረከብ ሰውን አደጋ ላይ መጣል ነው፤ እዚያ ወለል ላይ ሰው ይቀመጣል።

ተማሪዎቼ «አሉሚኒየምም ኦክሳይድ ይሠራል፣ ለምን እንደ ብረት አያልቅም?» እያሉ ይጠይቁኛል። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ስስና ጥብቅ ሆኖ አሉሚኒየሙን ይሸፍነዋል። የብረት ዝገት ግን ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በቅርፊት ይነሣና ከሥሩ አዲስ ብረት ለውሃና ለአየር ያጋልጣል። ሁለት ላሜራ ተደርቦ በተበየደበት ቦታ መካከሉ ሲያብጥ ብየዳውን እስከ መገንጠል ይደርሳል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ፤ አንዲት የተላጠች ቀለም ትበቃለች። ከወለሉ የወጣውን ቅርፊት ክፍል ይዤ ገብቼ በእጃቸው አስነካኋቸው፤ ብዙ ሰሌዳ ከመጻፍ አዳነኝ።

ቤት ውስጥ ይህን ሥራ ለሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የምለው ስለ ክሪክ ነው። ክሪክ መኪና ለማንሣት እንጂ አንሥቶ ለማቆየት አይደለም። ብሎኬትም አይታመንም፤ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይፈረካከሳል። ወፍራም የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል፤ መሬቱ እንደ እኛ ግቢ አፈር ከሆነ ደግሞ መቆሚያው እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይደረግለታል። ጎማ ተፈትቶ ከመኪናው ሥር በጎን ይገባል። ከዚያ በኋላ መኪናውን በሁለት እጅ ገፍቶ ማየት፤ ከተነቃነቀ አለመግባት።

ማጽዳቱ ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ማንም አያመሰግንበትም። ጭቃው በውሃና በእንጨት ይፈታል፣ አሮጌው ሬንጅ በመፋቅ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር። መነጽርና ጭንብል ግድ ነው፤ ተኝተሽ ስትሠሪ ፍቅፋቂው ሁሉ የሚወርደው ዓይንሽ ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ መርቴሎ ይዞ ወለሉን እያንኳኩ መሄድ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። የታፈነውን ሁሉ በጠመኔ አከበብኩ፤ የቀኙ ወለል ግማሽ ያህሉ በጠመኔ ተሞላ።

ብየዳውን ለባለሙያ ሰጠሁ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን የራሱ ብየዳ ቤት አለው። እኔ ያከበብኩትን አይቶ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጠርዝ ላይ ብበይድ እሳቱ የሚይዘው ብረት አያገኝም፤ አሁንም ወደ ውጭ እንሂድ» አለኝ። ልክ ነበር። ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆረጠ። ከመቁረጡ በፊት ግን ሁለት ነገር አደረገ። በበሩ ክፍተት ላይ የብረት ዘንግ አግድም በየደ፤ ወለሉ ሲወጣ የመኪናዋ ቅርጽ እንዳይዛባ ነው። ባትሪው፣ ወንበሩና ምንጣፉ ሁሉ ወጡ፣ ቤንዚኑ ተቀዳ፣ ባልዲ ውሃና አሸዋ አጠገብ ተቀመጠ። ዋሻው ውስጥ የቤንዚን ቧንቧ እንዳለ የማያውቅ በያጅ ቮልስ ባይነካ ይሻላል።

መጣፊያው ላይ ተጨቃጭቀናል። ሰፈር ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ለጣሪያ የሚሆነው ዚንክ ስለተለበጠ ነው፤ ሲበየድ ግን ያ ዚንክ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የተነፈሰው ሰው የዚያኑ ቀን ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ደግሞም ስስ ነው፤ የወንበር ክብደት አይችልም። ጥቁር ላሜራ ተገዛ፤ የድሮው ወለል ላይ የነበሩትን ጉብታ መስመሮች አንድ የባትላሜራ ባለሙያ በእንጨት ላይ እየቀጠቀጠ አወጣቸው። መስመሮቹ ለጌጥ አይደሉም፤ ስስ ላሜራ እግር ሲያርፍበት እንዳይለምጥ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ብየዳው ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየተዘለለ ነው የተሠራው፤ በአንድ መስመር ከተሄደ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል፣ ይበሳዋልም።

ከዚያ ሥራው ወደ እኔ ተመለሰ። የሽቦ ብሩሽ ያልደረሰባቸውን ጥጋጥጎች ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት የዝገት ማስለቀቂያ አራስኳቸው፤ የቀረውን ዝገት ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፣ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ተቀባ፣ መጋጠሚያዎቹ ታሸጉ፣ ሬንጁ በመጨረሻ መጣ። ከበሩ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ብሩሽ አይገባም። እዚያ ሰምና ንጹሕ ዘይት፣ በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ አቅልጬ በመርጫ ረጨሁበት። የተቃጠለ ዘይት መርጨት እንደሚቀለኝ የነገሩኝ ብዙ ናቸው። ብረቱን ይጠብቃል፣ አልክድም፤ ግን የፍሬን ጎማዎችን ያሳብጣቸዋል፣ ጠብ ጠብ እያለ ወደ እንሰቱ ሥር ይገባል፣ ነገ ብየዳ ቢያስፈልግ ደግሞ እሳት ይይዛል። እናቴ ከዚያ እንሰት ቆጮ ትፍቃለች።

ለአንዲት ቮልስ ይህ ሁሉ ለምን የሚለኝ ሰው አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። የመምህር ደሞዝ አዲስ መኪና አይገዛም። ያለውን ላሜራ ማዳን የሚችል ሰው ግን መኪና አለው፤ የቮልስ ወለል ደግሞ ዲላ ውስጥ ባለ እጅና ባለ መሣሪያ ሊሠራ ይችላል።

አሁን ዝናብ ባቆመ ቁጥር የማደርገው ቀላል ነው። ከሥር በውሃ ጎማ አጥባታለሁ፣ በበሮቹ ታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ እከፍታለሁ፣ ባትሪውን አንሥቼ ከሥሩ ያስቀመጥኩትን የፕላስቲክ ትሪ አያለሁ። የባትሪውን ክዳን ሳልመልስ ወንበሩን አልመልስም፤ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ካገናኘ እሳት ይነሣል። የግራው ወለል ገና ነው። ላሜራው ተገዝቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ታኅሣሥ ገብቶ ግቢው ሲደርቅ በያጁ ተማሪዬ ይመጣል።