ፓራሲታሞል የማያበርደው ግለት

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን መተማ አካባቢ ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው በሽተኛ ነው። ከደባርቅ የወረደ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ፤ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን እየቃዠና እየተወላገደ ይመጣል። ይህኛው ሲደርስልን ሰውነቱ በላብ ርሷል፤ በፊንጢጣ ስንለካው 42 ዲግሪ ነበር። ጓደኞቹ እርሻው ላይ ፓራሲታሞል ሰጥተውታል፤ ብርድ እንዳይመታው ብለው ጋቢ ደርበውለታል። ከዚያ ለወባ ምርመራ ደም ሰጥቶ ውጤት ሲጠብቅ ቆየ። ወባ አልተገኘበትም። ከማሳው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጀሪካን ውኃ ያፈሰሰበት ሰው የለም። መጀመሪያ ኩላሊቱ ቆመ፣ ቀጥሎ ጉበቱ። አላተረፍነውም።

ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ሁሉም ትክክል የመሰለውን አድርጓል። ቆላ ውስጥ ሰውነቱ የጋለ ሰው ወባ ይዞታል፣ የጋለ ሰው ፓራሲታሞል ይሰጠዋል የሚለው እምነት በበሽተኛውም በባለሙያውም ልብ ሥር ሰድዷል። በየዓመቱ እናገራለሁ፤ በየዓመቱ ያው ክኒን፣ ያው ጋቢ ይመጣል።

ትኩሳት አንጎል አዝዞ የሚያመጣው ነገር ነው። ሃይፖታላመስ ሰውነት ሊጠብቀው የሚገባውን ልክ ከ37 ወደ 39 ከፍ ያደርጋል፤ በሽተኛው የሚንቀጠቀጠውና ብርድ ብርድ የሚለው እዚያ ለመድረስ ነው። ፓራሲታሞል የሚሠራው ያንን ትእዛዝ በመሻር ነው። በፀሐይና በጉልበት ሥራ ግሎ ለሙቀት ምት የተዳረገው ልጅ አንጎል ግን ግለትን አላዘዘም፤ እንዲያውም አብርዱኝ እያለ ላብ ያፈሳል፣ ደሙን ከአንጀት ነሥቶ ወደ ቆዳ ይሰዳል። የሚሻር ትእዛዝ የለም። ክኒኑ በግለት የተጎዳው ጉበት ላይ ተጨማሪ ሸክም ከመጣል በቀር ምንም አይፈይድለትም።

ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የወጡ ባልደረቦቼ ደግሞ ሌላ መከራከሪያ አላቸው። «ሕዋስ እኮ የራሱ መከላከያ አለው» ይሉኛል። አለው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የኮምጣጤ ዝንብ እጮችን ሕዋሳት ሲያጠና፣ የሥራ ባልደረባው የማሞቂያውን ሙቀት ሳያስበው ከፍ አድርጎበት፣ ክሮሞሶሞቹ በማያውቃቸው ቦታዎች አብጠው አገኛቸው። ይህን በ1962 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬ ሂት ሾክ ፕሮቲኖች የምንላቸውን የሚያሠሩት ጂኖች ናቸው እዚያ ሲነቁ ያያቸው፤ ፕሮቲኖቹ ራሳቸው የታወቁት በ1974 ነው። ሕዋስ በድንገት ሲግል ፕሮቲኖቹ እጥፋታቸውን ያጣሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ልክ ምጣድ ላይ እንደወደቀ የእንቁላል ነጭ። ያን ጊዜ ኤችኤስኤፍ 1 የተባለው ፕሮቲን ከያዙት ጓደኞቹ ተላቆ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፤ የመከላከያውን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ሕዋሱ የዘወትር ፕሮቲን ማምረቱን አብዛኛውን አቁሞ በነፍስ አድን ሥራ ላይ ይሰማራል። የተበላሸውን መልሰው የሚያጥፉ፣ የማይጠገነውን እንዲወገድ አሳልፈው የሚሰጡ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። በጣም የሚያስደንቅ ሥርዓት ነው፤ ከባክቴሪያ እስከ ሰው ድረስ አለ።

ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጂኑ በደቂቃዎች ይነቃል፤ ፕሮቲኑ በበቂ መጠን የሚከማቸው ግን በሰዓታት ነው። አስቀድሞ መለስተኛ ሙቀት የቀመሰ ሕዋስ ቀጥሎ የሚመጣውን ከባድ ሙቀት ይቋቋማል፤ ያልቀመሰው ይሞታል። የሰው ሕዋስ ከ42 ዲግሪ አካባቢ በላይ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ወደ 50 ሲጠጋ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። እንግዲህ 42 ዲግሪ የደረሰውን ልጅ «ሰውነቱ ይከላከልለታል» ብሎ ማስተኛት፣ መከላከያው ተሠርቶ እስኪያልቅ ሊከላከልለት የሚገባው አካል እንዲፈርስ መፍቀድ ነው። ደም የተነሣው አንጀት ግድግዳው ይሳሳል፤ የባክቴሪያ መርዝ ወደ ደም ይሰርጋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱን ብናቀዘቅዘውም በሽታው በራሱ መንገድ ይቀጥላል። ሰላሳ ደቂቃ እያልኩ የምጨቃጨቀው ለዚህ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ39 በታች የወረደ በሽተኛ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

በረዶ ባይኖርም ይቻላል። ልብሱን ማውለቅ፣ ጥላ ሥር ማስገባት፣ ሸራ ላይ አስተኝቶ ጫፎቹን ከፍ አድርጎ ይዞ ውኃ ማፍሰስ፣ ማራገብ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ውኃ አለመስጠት። ወደ ጤና ተቋም ሲወሰድ በመንገድ ላይም ማፍሰሱን አለማቆም። የብብት መለኪያ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ አላምነውም። «ላብ ካለው የሙቀት ምት አይደለም» የሚለውንም እንተወው፤ በሥራ ላይ የሚመቱት ብዙ ጊዜ ላባቸው እየፈሰሰ ነው የሚመጡት። የወባውን ምርመራ አትተዉ፤ ውኃው እየፈሰሰ ደሙ ሊወሰድ ይችላል። ወባ ቢገኝም ማቀዝቀዙ አይቆምም፤ በዚያ አገር ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ስለ ጉልበትም ላንሣ። «ወጣት ነው፣ ገበሬ ነው፣ ይችለዋል» ይባላል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው፤ ከዚያ የወረደ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ላብ ቶሎ እንዲፈስና ጨው እንዲቆጥብ፣ የደሙ ውኃ እንዲጨምር፣ የሕዋሱም መከላከያ አስቀድሞ እንዲከማች ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። እንዲያውም ጎረምሳው ጉልበት ስላለው እረፍት ሳያደርግ ያጭዳል፤ ጡንቻው ራሱ ከውስጥ ያግለዋል። የአሜሪካ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከመደበኛው የሥራ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ በሙቀት ውስጥ እንዳይሠራ፣ ከዚያም በየቀኑ ከ20 በመቶ ያልበለጠ እንዲጨመርለት ይመክራል። የእኛ ሳሉግ (ለአጨዳ የሚመጣው የወቅት ሠራተኛ) የሚከፈለው ባጨደው ልክ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የሚያርፍበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ልመናዬ ለካቦዎችና ለባለ እርሻዎች ነው፦ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ሒሳብ ክፈሏቸው፤ ውኃና ሸራም ማሳው ዳር ይቀመጥ።